ሁለተኛው ሽማግሌ

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ "እኚህን ሰውዬ የት ነው የማውቃቸው?" የሚባልላቸው አንድ ሰው አይጠፉም። ለቅሶ ቤት ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሰርግ ላይ ከኬኩ ጀርባ ቆመዋል። መልካቸው እንደ አጎት መልክ ይታወቃል፤ ስማቸው ግን ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሰው ግንባሩን እያሻሸ ያስባል። ጎረቤት ነበሩ? አስተማሪ ነበሩ? የቀበሌ መታወቂያ የሰጡኝ ናቸው? በመጨረሻ አንዱ ጭኑን መታ ያደርግና "ፊልም ላይ!" ይላል። የትኛው ፊልም? እሱን እንኳን ተመልካቹ ደራሲውም አያስታውሰው።

የኮሎምበስ ኦሃዮ ድርሻ ክቡር አርቲስት ዘውዱ ናቸው። "ክቡር" የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው መንግሥት አይደለም፤ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለ የአንድ ሥጋ ቤት ባለቤት ነው። ስማቸው ቢጠፋበት ጊዜ ሌላ የሚጠራበት አልነበረውም። ሌላው ሰው ጋሼ ዘውዱ ይላቸዋል። ሚስታቸው መዓዛ ደግሞ ሲያናድዷት "ሁለተኛው" ትላቸዋለች። ብዙ ጊዜ ያናድዷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፊልም ውስጥ ልጅ ስትታጭ ሽማግሌ ይላካል። መጀመሪያ የሚገባው ሽማግሌ ይናገራል፤ ፎቶው ፖስተር ላይ አለ። መጨረሻ የሚገባው ያስላል፤ ሳሉ ያስቃልና እሱም ይታወሳል። መሃል ላይ የሚገቡት፣ ራሳቸውን ቀስ አድርገው እየነቀነቁ "ወግ ነው፤ ደንብም ነው" ብለው ዝም የሚሉት፣ ጋሼ ዘውዱ ናቸው። በቴሌቪዥን ድራማውም በፊልሙም ዕድሜያቸውን ሙሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

ወደ ጥበቡ ዓለም የገቡት በጸጉራቸው ነው። አዲስ አበባ አንድ ቴአትር ቤት መጋረጃ ሳቢ ሳሉ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ራሳቸው እንደ ጥጥ ማሳ ነጣ። አንድ ቀን ሽማግሌ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ታሞ ቀረ። አዘጋጁ በንዴት ቀና ሲል መሰላል ላይ ነጭ ጭንቅላት አየ። "አንተ! ውረድ። ጋቢ ስጡት!" አለ። ጋሼ ዘውዱ ከመሰላሉ ወረዱ፤ ከጋቢው ግን ከዚያ ወዲያ አልወጡም። እኩያቸው አፍቃሪ ሆኖ ዛፍ ተደግፎ ሲያንጎራጉር እሳቸው የአፍቃሪው አያት ነበሩ። መዓዛን ለማግባት ተፈቅዶላቸው ከቤተ ዘመዱ ጋር ሊተዋወቁ የሄዱ ዕለት፣ አክስቷ ብድግ ብላ "አባትየው ይለፉ፣ አባትየው ይለፉ!" እያለች ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀጥላም ወደ በሩ አሻግራ እያየች "ሙሽራውስ? ወደኋላ ቀረ?" ብላ ጠየቀች።

መዓዛ ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ ሳቋ ያመልጣታል። ስለ ሲኒማ ቤቱ ስታወራ ግን አትስቅም። ያኔ ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ተመልካቹ ጃኬቱን እየለበሰ ወደ በሩ ይጋፋል። የጋሼ ዘውዱ ስም የሚመጣው ከሾፌሮቹ ስም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። መዓዛ ልጇን ሶልያናን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከፊቷ የሚቆመውን ሁሉ "ወንድሜ፣ እባክህ ጎንበስ በልልኝ፤ የምጠብቀው ሰው አለ" ትላለች። ስሙ ብቅ ሲል ለልጅቷ በጣቷ ታሳያታለች። ደቂቃ እንኳ አይቆይም። ከዚያ መብራት ይበራል፤ እነሱም ከሁሉ ኋላ ይወጣሉ።

በኋላ ለመዓዛ ዲቪ ደረሳት። ኮሎምበስ ሲገቡ እሷ ፖላሪስ በሚባለው የገበያ ማዕከል ልብስ ሱቅ ተቀጠረች፤ ጋሼ ዘውዱ ኦቤትስ ካለ ዌርሃውስ ገብተው ካርቶን ስካን ማድረግ ጀመሩ። ጥበብ በዚሁ ያበቃች መሰለ።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ቢሩክ የሚባል ፎርክሊፍት ነጂ መጥቶ ፊታቸው ተገተረ።

"ጋሼ፣ የት ነው የማውቅዎት?"

"እዚሁ ነዋ። ትናንት እግሬን ልትድጠኝ ነበር።"

"ኧረ ከዚያ በፊት!" ግንባሩን አሻሸ። ከዚያ ጭኑን መታ። "ፊልም ላይ! ሽማግሌው!" አለና ዓይኑ በራ። "ጋሼ፣ ሉሊት የምትባል ልጅ አለች። አባቷ ሽማግሌ ላክ ብለውኛል። እኔ ደግሞ እዚህ አገር በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው የማውቀው ሱፐርቫይዘሬን ብቻ ነው።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ።"

"እሱ ደግሞ ፊሊፒኖ ነው፣ ጋሼ።"

ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። ጋቢው ከሻንጣ ወጣ። ዋና ተናጋሪ እንዲሆኑ ከቢሩክ ቸርች አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ተገኙ፤ ጋሼ ዘውዱም እንደ ልማዳቸው ሁለተኛ ሆነው ገቡ። የሉሊት አባት አቶ አያሌው ኮስተር ያሉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ኦርቶዶክስ፣ ቢሩክ ጴንጤ ነውና ነገሩ ከባድ ነበር። ተናጋሪው ገና "እግዚአብሔር ያክብርልን" ብለው ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ፣ በመስኮት በኩል መኪናቸው በቶው ትራክ ተጎትታ ስትወሰድ አዩ። "ይቅርታ" አሉና ሮጡ። ሮጠው ቀሩ።

አቶ አያሌው ጋሼ ዘውዱን አዩ። ጋሼ ዘውዱ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዞረው፣ የሚታዩት እሳቸው መሆናቸውን ሲያረጋግጡ፣ ተናገሩ። ምን እንዳሉ ለመዓዛ በቅጡ አልነገሯትም፤ ላባቸው ግን እስከ ማግስቱ አልደረቀም። ቢሩክና ሉሊት ተጋቡ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ማን ይቻላቸው! በዲቪ ብቻውን የመጣ፣ አባቱ አገር ቤት የቀረ ወጣት ሁሉ "ጋሼ ዘውዱን አናግር" ይባል ጀመር። ቅዳሜ ሺፍት መውሰድ አቆሙ። ዋና ተናጋሪ ግን አይሆኑም። "ቃሉን የሚወረውረው ዋናው ነው፤ እውነት የሚያስመስለው ግን አጠገቡ ያለው ነው" ብለው ለመዓዛ ያስረዷታል። እሷም ሽንኩርት እየከተፈች "እውነት ነው፤ ደንብም ነው" ትላቸዋለች።

የሽምግልና ቤት ለእሳቸው መድረክ ነው። ፖላሪስ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ "ሰጥተናል፤ ምግቡ ሳይበርድ ግቡ" ቢሏቸው ጋሼ ዘውዱ በጣም ተከፉ። "አይሆንም ጌታዬ! ልጅ እንደ ፒዛ ወዲያው አትደርስም። ቢያንስ 'እንመካከር፣ ቀጠሮ እንስጣችሁ' ይበሉ እንጂ!" አሉ። ሽማግሌዎቹን ይዘው ወጡ፤ በመኪና ሰፈሩን አንዴ ዞሩ፤ ደወሉን እንደ አዲስ ደወሉ። አባትየውም እየሳቁ "እንመካከር" አሉ። ያኔ ተበላ።

በሁለት ሺህ ሃያ ኮሮና ሲመጣ ነርስ የሆነችው ሶልያና አባቷን ከቤት እንዳይወጡ ከለከለቻቸው። ሽምግልናው በዙም ሆነ። የመጀመሪያው ዕለት ዋናው ተናጋሪ ኢንተርኔቱ ተቋርጦበት ጠፋ። ጋሼ ዘውዱ ላፕቶፑ ፊት ብድግ አሉ፤ ሽማግሌ ሳይፈቀድለት አይቀመጥምና። ከስክሪኑ ላይ የጋቢ ጥለት ብቻ ቀረ። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ድምፃቸውን እያነሡና እየጣሉ፣ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ የሙሽራይቱ እናት ከወዲያኛው ጫፍ "ጋሼ፣ ሚዩት ላይ ነዎት" አለች።

"ዳድ፣ ኖባዲ ኸርድ ዩ!" አለች ሶልያና ሶፋው ላይ በሳቅ ተጣጥፋ።

በዚያ የጸደይ ወራት ከቤት መውጣት ሲቀር አሮጌ ፊልሞቻቸውን ዩቱብ ላይ ያዩ ነበር። ሶልያና ከሆስፒታል ስትመለስ ልብሷን ጋራዥ ቀይራ፣ ታጥባ፣ ከሶፋው ማዶ ብቻዋን ትቀመጣለች። በቀን ያየችውን አታወራም። "ዳድ፣ አንዱን ክፈት" ትላለች እንጂ። ጋሼ ዘውዱም "አቁሚው! አቁሚው! ያ ክርን የኔ ነው!" ይላሉ። መዓዛም ያን ጊዜ ስታስበው በሽታውን ሳይሆን ይህንን ነው የምታስታውሰው። ልጇ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታጣ ውላ በአባቷ ክርን የሳቀችበትን።

ታዲያ በሁለት ሺህ ሃያ አንድ መጸው ላይ የሶልያና ተራ ደረሰ።

ልጁ ዮአብ ይባላል። አብሯት ሆስፒታል የሚሠራ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እያነሣ ነው የተዋደዱት። አባቱ አቶ ጎሳዬ የአማርኛ የጴንጤ ቸርች ሽማግሌ ናቸው። ወግ አክብረው ፓስተራቸውንና ሁለት ሰው ይዘው መጡ። ቆመው ጠበቁ፣ ሲፈቀድላቸው ተቀመጡ፣ በትሕትና ተናገሩ። እንከን አልነበረውም።

ጋሼ ዘውዱ ራሳቸውን አልነቀነቁም። "ልጄን ከነማዕተቧ ነው ያሳደግኳት" አሉ። "አይሆንም።"

መዓዛ ከኩሽናው በር ላይ የሰማችውን ማመን አቃታት። የሌላውን አባት ሁሉ በዚሁ ነገር ሲለምኑ የኖሩ ሰው! እንግዶቹ ሲወጡ ባሏን ተከትላ ጓዳ ገባች።

"ምን ነካህ? ለሰው ልጅ የተፈቀደ ለኛ ልጅ ኃጢአት ሆነ?"

"ያ የሰው ልጅ ነው፤ ይቺ የኔ ናት።"

"ያኛው እኮ ሽምግልና ነበር።"

"ያኛው ሥራ ነበር" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሶልያና አልጮኸችም፤ ያ ነው መዓዛን ያስፈራት። ሻንጣ ያዘችና "አይ ኒድ ስፔስ፣ ማሚ፤ ትንሽ ልራቅ" ብላ ጓደኛዋ ቤት ገባች። ጋሼ ዘውዱ ቴሌቪዥኑን ይከፍቱና ሳያዩ ይዘጉታል። አንድ ጊዜ መዓዛ ከሥራ ስትገባ የልጅቷ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። "አምፖሉን ላየው ብዬ ነው" አሏት። አምፖሉ ደህና ነበር።

በማግስቱ መዓዛ ፖላሪስ በምሳ እረፍቷ ለቢሩክ ደወለች።

"ቢሩኬ፣ ለዘውዱ ሽማግሌ አምጣልኝ።"

"ከየት ላምጣ፣ እትዬ? በዚህ ከተማ ሽማግሌ ቢባል እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ወደ እሳቸው መላክ አይቻል!"

"እንግዲያው አንተው ና።"

"እኔ? እኔ እኮ ገና ሠላሳ አምስቴ ነው!"

"እሱ የጀመረው ከዚያም ባነሰ ነው" አለችና ስልኩን ዘጋች።

እሑድ ከሰዓት ደወል ተደወለ። ጋሼ ዘውዱ በሩን ሲከፍቱ ቢሩክ ከሉሊት አባት የተዋሰው ጋቢ ውስጥ ተውጦ ቆሟል። ከኋላው ያደታ አለ። ያደታ በአዘቦት ከባድ መኪና ይነዳል፣ በበዓል ሰርግ በቪዲዮ ያነሣል፤ እሱንም ጋሼ ዘውዱ ናቸው የዳሩት። ሁለቱም አንድ ሽበት የላቸውም። መዓዛ ሶልያናንም ልብስ ውሰጂ በሚል ሰበብ ጠርታት ነበርና ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆማለች።

ቢሩክ ገብቶ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

"ተነሥ!" አሉ ጋሼ ዘውዱ። "ማን ተቀመጥ አለህ?"

ቢሩክ ተስፈንጥሮ ቆመ። "ይቅርታ ጋሼ። እ... እግዚአብሔር ያክብርልን። የመጣንበት ጉዳይ..."

ያደታ ከጎኑ ራሱን በኃይል ይነቀንቃል።

"ያደታ፣ ዝንብ ነው የምታባርረው? ቀስ!"

ያደታ ቀስ አለ። ቢሩክ ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። "የመጣነው የዮአብንና የሶልያናን ነገር ይዘን ነው። የሃይማኖቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ አባታችን፣ እርስዎ ለኔ አቶ አያሌው ቤት ያሉትን ሉሊት ከኩሽና ሆና ሰምታዋለች። መኪና ውስጥ ስታስጠናኝ ነበር፤ ግን... 'ልጅዎ'... 'ልጅዎ ማዕተቧን'..." ጣሪያውን አየ። "ጠፋብኝ፣ ጋሼ።"

ጋሼ ዘውዱ በትዕግሥት ማጣት ጭናቸውን መቱ። "እዚህ ላይ ሲደርስ እኮ ነው ድምፅ ዝቅ የሚደረገው! 'ልጅዎ ማዕተቧን ይዛ ትገባለች፤ እሱም መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ይገባል። የልጆቹን ቤት የሚያፈርሰው ይህ አይደለም። የሚያፈርሰው እኛ ከውጭ ሆነን የምንወረውረው ድንጋይ ነው። ታዲያ፣ ወንድሜ፣ የመጀመሪያዋ ድንጋይ ከአባት እጅ...'"

ቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ያደታ ምን ማድረግ እንዳለበት ጨንቆት፣ በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ራሱን ነቀነቀና "ወግ ነው" አለ።

ጋሼ ዘውዱ ቀና ብለው ደረጃው ላይ ያለችውን ልጃቸውን አዩ።

"ሃይማኖቱ አይደለም ብል እዋሻለሁ" አሉ። "ግን እሱ ብቻ አይደለም። ስንቱን አባት እሺ አሰኝቼ ምሳዬን በልቼ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ያ ቤት ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አላሰብኩትም። አሁን አሰብኩት፤ አልወደድኩትም።"

"ዳድ" አለች ሶልያና፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "ዌስተርቪል እኮ ነው የምንኖረው። ኢትስ ፊፍቲን ሚኒትስ።"

"በሰላሙ ቀን ነው አሥራ አምስት ደቂቃ። ትራፊክ ሲኖርስ?"

እየሳቀች ወርዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ጋሼ ዘውዱ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ቢሩክን አዩት። ቢሩክ ቀጠሮ ሊሰጠው ነው ብሎ ስልኩን አውጥቶ ካላንደሩን ከፍቷል።

"ዝጋው" አሉት። "ሰጥቻለሁ። ለጎሳዬም ንገርልኝ፤ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ሄደውም ጠየቁ። አቶ ጎሳዬ ከበር ነው የተቀበሏቸው፤ ሁለቱ አባቶች ስለ ደም ግፊት ሲያወሩ አመሹ።

ሰርጉ በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ሐምሌ ሆነ። መዓዛ ፈርታ ነበር። ሰውየው በሰው ሰርግ እንኳ ከሙሽራው እኩል ካባ ለብሰው ካሜራ የሚፈልጉ ናቸው፤ በራሳቸው ልጅማ አዳራሹን መድረክ ሊያደርጉት ነው ብላ። ጠዋት ግን ፈዘው ነበር። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲጨፍሩ ሶልያና ነጭ ለብሳ ከክፍሏ ወጣች፤ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ጋሼ ዘውዱ ሊመርቋት እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አደረጉ። ምርቃቱ አልወጣም። እንደ ሕፃን፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ ፊታቸው ተጨማዶ አለቀሱ። በየትኛውም ፊልም ቢሆን ቆርጠው የሚጥሉት ዓይነት ለቅሶ ነበር።

ያደታ ካሜራውን ይዞ ተጠጋ። "ጋሼ፣ አንዴ ቀና ይበሉልኝ..."

"ዞር በል፣ ልጄ" አሉት ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፍነው። "ይሄ ሥራ አይደለም።"

መዓዛ መጥታ መዳፏን ሌንሱ ላይ ጫነች። "አጥፋው። ያነሣኸውንም አጥፋው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

ሰርጉ አማረ፤ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ሙሽሮቹ ወደ ዌስተርቪል ሄዱ። በሳምንቱ መዓዛ ከሱቁ ጀርባ በምሳ እረፍቷ ለያደታ ደወለች።

"ያን ነገር አጠፋኸው?"

"አዎ፣ እትዬ፤ አጥፋ ብለውኝ..."

"አጥፋ ስልህ ታጠፋለህ?!"

ያደታ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አላጠፋሁትም፣ እትዬ። አላስቻለኝም።"

"እግዚአብሔር ይባርክህ። ላክልኝ። ለሱ እንዳትነግረው።"

ቪዲዮው መጣ። ሳንድዊቿን አስቀምጣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሰውየው ሙሉ ስክሪኑን ይዘውታል። ከፊታቸው ማንም የለም፣ ከጎናቸው ማንም የለም፤ ነጭ ጸጉር፣ የተጨማደደ ፊት፣ ልጃቸው ጭንቅላት ላይ ያረፈ እጅ። ሲያልቅ ደግማ ከፈተችው። አብራት የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት በትከሻዋ በኩል አጮልቃ አየችና ልቧ ተነካ።

"እንዴት ነው የሚያለቅሰው በጌታ! አክተር ነው?"

"አይደለም" አለች መዓዛ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ። "ባሌ ነው።"